ከዐውሎ ነፋስ በኋላ የወደቁትን ዛፎች ስለ ማንሣት፤ ለአዳማና ለስምጥ ሸለቆ ከተሞች

ለክቡራን የዞን፣ የከተማና የወረዳ ሹማምንት፣ እንዲሁም ለቤትና ለመሬት ባለይዞታዎች ሁሉ።

ዛፍ ለአገር በረከት መሆኑን የማይመሰክር ሰው የለም። ጥላው፣ ፍሬው፣ ማገዶውና ጣውላው፣ አፈሩንም ከጎርፍ መጠበቁ በልጅም በሽማግሌም ዘንድ የታወቀ ነው። ነገር ግን ቆሞ ሳለ የሚሰጠው ጥቅም የታወቀውን ያህል፣ ነፋስ በጣለው ጊዜ የሚያመጣው ጉዳትና በማንሣቱም ሥራ ላይ የሚደርሰው አደጋ እምብዛም አልታሰበበትም። ዐውሎ ነፋሱ ራሱ ግማሽ ሰዓት እንኳ ሳይቈይ ያልፋል። ከእርሱ በኋላ ያለ ሥርዐት በሚሠራው ሥራ ግን እጅ የሚቈረጥበት፣ እግር የሚሰበርበት፣ ሰውም በኤሌክትሪክ ሽቦ የሚሞትበት ጊዜ ብዙ ቀን ነው። ስለዚህ ነገሩ በሚመጣበት ሰዓት ምን ማድረግ እንደሚገባ አስቀድሞ ማወቅ የሹም ሁሉ ተግባር ስለ ሆነ፣ ከዚህ በታች በየተራው ጽፈነዋል።

ነፋስ ዛፍን የሚጥልበት ምክንያት

ቀድሞ ናዝሬት ትባል የነበረችው አዳማ፣ ከእርሷም በምሥራቅ ወለንጪቲና መተሐራ፣ በደቡብም መቂ፣ ባቱና ሻሸመኔ የሚገኙበት ስምጥ ሸለቆ በሁለት ወገን በደጋ የታጠረ ሜዳ ነው። ስለዚህ ነፋሱ በቦይ እንደሚነዳ ውሃ በመካከሉ ይሮጣል። የአዳማ ነፋስ የቱን ያህል ብርቱ እንደ ሆነ በከተማዋ አጠገብ በየኰረብታው ላይ የቆሙት የነፋስ ኀይል ማመንጫዎች ያስረዳሉ። የመጀመሪያው ጣቢያ 34 መዘውሮችና 51 ሜጋ ዋት ኀይል፣ በግንቦት 2007 ዓ.ም. የተመረቀው ሁለተኛው ጣቢያ ደግሞ 102 መዘውሮችና 153 ሜጋ ዋት ኀይል አለው። ለመብራት የተመረጠው ይህ ነፋስ በቤታችን ደጅ የቆመውንም ዛፍ እንደሚገፋ መዘንጋት አይገባም።

ይሁን እንጂ ዛፍን የሚጥለው ዕለት ዕለት የሚነፍሰው ነፋስ አይደለም። ዛፍ ይህን እየለመደ በሥሩም በግንዱም ይጠነክራል። የሚጥለው በበልግ መግቢያና በክረምት መባቻ ከነጎድጓድ ደመና ጋር የሚመጣው ድንገተኛ ነፋስ ነው። ከደመናው የሚወርደው ዝናብ አየሩን ያቀዘቅዘዋል፤ የቀዘቀዘው አየርም ስለሚከብድ ወደ ምድር ይወርድና በየማዕዘኑ ይበተናል። ከዝናቡ ቀድሞ አቧራ ተሸክሞ የሚደርሰው ይኸው ነው። ደግሞም የነፋስ ፍጥነት ሁለት እጥፍ ሲሆን ግፊቱ አራት እጥፍ፣ ፍጥነቱ ሦስት እጥፍ ሲሆን ግፊቱ ዘጠኝ እጥፍ ይሆናል። ትናንት በነፋስ ያልተነቃነቀ ዛፍ ዛሬ በአንድ ጊዜ መውደቁ ስለዚህ ሊያስደንቅ አይገባም።

ሁለተኛው ምክንያት አፈሩ ነው። በአዳማ ዙሪያ ያለው አፈር በአብዛኛው ጥንት እሳተ ገሞራ ከተፋው አመድና ፈረካሳ ድንጋይ የሆነ ቀላል አፈር ነው። ዝናብ በጠጣ ጊዜ ሥርን አጥብቆ ለመያዝ አይችልም። በሞጆና በቢሾፍቱ በኩል ያለው መረሬ ደግሞ በበጋ ይሰነጠቃል፣ በክረምት ያብጣል፤ በዚህም ሥሩን ያላላዋል። ብዙ ሰው የዛፍ ሥር ወደ ታች እንደ ቁመቱ ይወርዳል ብሎ ያስባል። እውነቱ ግን የአብዛኛው ዛፍ ሥር ከላይኛው የ1 ሜትር አፈር ውስጥ ሆኖ ወደ ጎን ከቅርንጫፉ ጫፍ አልፎ የሚዘረጋ መሆኑ ነው። ስለዚህ ለውሃ ቧንቧ ወይም ለመንገድ ንጣፍ በዛፍ አጠገብ ጕድጓድ ሲቈፈር የዚያ ዛፍ መያዣ በአንድ ወገን ይቈረጣል። ዛፉ ለምልሞ ይታያል፤ ነገር ግን በቀጣዩ ክረምት በተቈረጠው ወገን ነፋስ ሲገፋው ይወድቃል።

ሦስተኛው ምክንያት የዛፉ ዐይነት ነው። ባሕር ዛፍ በዳግማዊ ዐፄ ምኒልክ ዘመን፣ በ1887 ዓ.ም. ገደማ ወደ አገራችን ከገባ ወዲህ ማገዶና ማገር በመሆን ብዙ ጠቅሟል። በቆላማው ስምጥ ሸለቆ የሚተከለው በአብዛኛው ቀይ ባሕር ዛፍ የሚባለው ነው። ይህ ዛፍ ቁመቱ ፈጥኖ ስለሚረዝም ነፋስ እንደ ሸራ ይይዘዋል። ይልቁንም ከተቈረጠ ጉቶ ሁለተኛና ሦስተኛ ጊዜ የበቀለው ግንድ ከጉቶው ጋር ያለው መያያዣ ደካማ ስለ ሆነ ከሥሩ ተገንጥሎ ይወድቃል። ከአገሩ ዛፍ አንዱ የሆነው ገርቢ ግን ከሌላው ዛፍ ሁሉ በተቃራኒ ቅጠሉን በክረምት ያራግፋል፣ በበጋ ይለብሳል። ስለዚህ ብርቱ ነፋስ በሚመጣበት ወራት ነፋሱ የሚይዘው ቅጠል እምብዛም የለውም።

በመጀመሪያው ሰዓት ሊደረግ የሚገባው

ዛፍ ወደቀ የሚል ወሬ እንደ ተሰማ የብዙ ሰው ልማድ ምሣር ይዞ መሮጥ ነው። ይህ ልማድ ከበጎ ልብ የመጣ ቢሆንም አደጋ ያመጣል። ከምሣር በፊት አራት ነገር ይቀድማል።

1ኛ፤ ሰውን ማራቅ። በተለይ ሕፃናት በወደቀ ዛፍ ላይ ለመጫወት ይወዳሉ። ፖሊስ ወይም የቀበሌ ዘበኛ ቆሞ፣ በገመድም አጥሮ፣ ከሠራተኞቹ በቀር ማንም እንዳይቀርብ ያድርግ። ከዛፉ በታች ወይም ከፈረሰ ቤት ውስጥ ሰው ቀርቶ እንደ ሆነ በድምፅ ጠርቶ ማረጋገጥ ከሁሉ ይቀድማል።

2ኛ፤ ሽቦውን መመልከት። በየከተማውና በየገጠሩ የሚዘረጋው የመካከለኛ ኀይል መስመር 15 ሺህ ወይም 33 ሺህ ቮልት ይሸከማል። በአዳማ በኩል በሚያልፈው በአዲስ አበባና በጅቡቲ የባቡር ሐዲድ ላይ የተዘረጋው ሽቦ 25 ሺህ ቮልት አለው። ወደ ቤት የሚገባው 220 ቮልት እንኳ ሰውን ይገድላል። እርጥብ እንጨትና እርጥብ መሬት ኤሌክትሪክን ስለሚያስተላልፉ፣ ሽቦ የነካውን ዛፍ መንካት ሽቦውን እንደ መንካት ነው። ስለዚህ የኤሌክትሪክ አገልግሎት ሠራተኛ መጥቶ መስመሩ መዘጋቱን በቃሉ እስኪያረጋግጥ ድረስ ማንም ከ10 ሜትር ወዲህ አይቅረብ። የሰፈሩ መብራት ጠፍቷልና ሽቦው ሞቷል ብሎ ማሰብ ትልቅ ስሕተት ነው። መስመሩ በራሱ ተመልሶ ሊበራ ይችላል፤ የጎረቤት ጄኔሬተርም በሽቦው ውስጥ ኀይል ሊልክ ይችላል። ሽቦ በመኪና ላይ ወድቆ እንደ ሆነ፣ መኪናው እሳት ካልያዘው በቀር፣ በውስጡ ያለው ሰው መስመሩ እስኪዘጋ ሳይወርድ ይቈይ። መኪናው እሳት ይዞት ግድ መውረድ ቢሆን፣ መኪናውንና መሬቱን በአንድ ጊዜ ሳይነካ ሁለቱን እግሩን ገጥሞ ይዝለል፤ ከዚያም እግሩን ከመሬት ሳያነሣ በትንሽ በትንሹ እየጎተተ ይራቅ።

3ኛ፤ የሥራውን ተራ መወሰን። በአንድ ሌሊት ብዙ ዛፍ ሲወድቅ ሁሉን በአንድ ቀን ለማንሣት አይቻልም። አስቀድሞ ወደ ሐኪም ቤት የሚወስደው መንገድ፣ ቀጥሎ የእሳት አደጋ መኪናና አምቡላንስ የሚያልፉባቸው መንገዶች፣ ከዚያ የውሃ ማከፋፈያው፣ ከዚያም በሰው ቤት ላይ የተጋደሙት ይነሡ። በሜዳና በእርሻ ላይ የወደቀው፣ ማንንም የማያስፈራ ከሆነ፣ ሳምንትም ወርም ቢቈይ አይጎዳም። የትልቅ ሰው ግቢ ከድኻው ሰፈር መንገድ ቢቀድም ግን ሕዝብ ሹሙን ያማዋል፤ ሐሜቱም በከንቱ አይሆንም።

4ኛ፤ አንድ አዛዥ መሾም። የአገራችን ሰው በደቦ ሥራ የተካነ ነው፤ ይህም መልካም ልማድ ነው። ነገር ግን አባቶች «በወደቀ ዛፍ ምሣር ይበዛበታል» ያሉት ለተዋረደ ሰው ምሳሌ ቢሆንም፣ በቁሙ ሲተረጐም ደግሞ ትልቅ ማስጠንቀቂያ ነው። አሥር ሰው በአንድ ግንድ ላይ በየፊናው ሲቈርጥ አንዱ የቈረጠው በሌላው ላይ ይወድቃል። ስለዚህ በአንድ ዛፍ ላይ የሚቈርጠው አንድ ሰው፣ ወይም ሁለት ሰው የሚስበው መጋዝ ከሆነ ሁለት ሰው ብቻ ይሁን። ሌሎቹ ርቀው ይቁሙ፤ የተቈረጠውን የሚጎትቱት አዛዡ ሲፈቅድ ብቻ ነው። ሥራውም በብርሃን ይሁን፤ በሌሊት በፋኖስ ወይም በባትሪ ግንድ መቍረጥ የሰው ነፍስ ለማዳን ካልሆነ በቀር የተገባ አይደለም።

ስለ አቈራረጡ

የወደቀ ዛፍ የሞተ ይመስላል፤ ነገር ግን በውስጡ የተጠመደ ኀይል አለ። ግንዱ በድንጋይ ወይም በሌላ ዛፍ ላይ ተደግፎ ሲጎብጥ አንዱ ወገን እንደ ደጋን ይወጠራል፣ ሌላው ወገን ይጨመቃል። በተወጠረው ወገን ድንገት ምሣር ወይም መጋዝ የነካው እንደ ሆነ ግንዱ ተሰንጥቆ ይፈናጠራል፤ ሰውንም ሊገድል ይችላል። የተጨመቀውን ወገን አስቀድሞ የቈረጠውም ጥልቅ ካደረገው መጋዙ ተነክሶ ይቀራል።

ትክክለኛው ሥርዐት ይህ ነው። መጀመሪያ ዛፉን ዞሮ መመልከትና ግንዱ በየት በኩል እንደ ተወጠረ መለየት ይገባል። ሁለቱ ጫፎቹ ተደግፈው መካከሉ ከተንጠለጠለ፣ የላይኛው ወገን የተጨመቀ፣ የታችኛው የተወጠረ ነው። አንዱ ጫፍ ተደግፎ ሌላው ጫፍ በአየር ላይ ከሆነ ግን የላይኛው የተወጠረ፣ የታችኛው የተጨመቀ ነው። ከተጨመቀው ወገን እስከ ግንዱ ሲሶ ድረስ በጥቂቱ ይቈረጣል፤ ከዚያም ከተወጠረው ወገን ቀስ እየተባለ ይጨረሳል። ግንዱ ወደ ጎን የጎበጠ እንደ ሆነ ቈራጩ የሚቆመው በጕብጠቱ ውስጥ፣ ማለት በተጨመቀው ወገን ነው፤ በተወጠረው ወገን የቆመ ሰው ግንዱ ሲፈናጠር ይመታዋል። በተዳፋት ቦታ ቈራጩ ሁልጊዜ በላይኛው ወገን ይቁም፤ ግንዱ ሲለቀቅ ወደ ታች ይንከባለላልና።

ከሥሩ ተነቅሎ የወደቀ ዛፍ ሌላ አደጋ አለው። ሥሩ ከነአፈሩ እንደ ግድግዳ ቆሞ ይታያል። ግንዱ ከሥሩ አጠገብ በተቈረጠ ጊዜ ያንን ግድግዳ ይዞት የነበረው ክብደት ስለሚለቀው፣ ሥሩ ወደ ጕድጓዱ ተመልሶ ሊከደን ወይም ወደ ፊት ሊገለበጥ ይችላል። ስለዚህ በሥሩ በስተኋላም ሆነ በጕድጓዱ ውስጥ ማንም እንዳይኖር፣ በተለይም ልጅ እንዳይገባ ሳይረጋገጥ ግንዱ አይቈረጥ። ሥሩ በብርቱ ገመድ ወይም በሰንሰለት ከትራክተር ወይም ከቆመ ጽኑ ነገር ጋር ይታሰር፤ በሥሩ ላይም ረዘም ያለ ግንድ ይተውለት።

ሦስተኛው ድብቅ አደጋ ተሰብሮ በሌላ ዛፍ ላይ ተሰቅሎ የቀረ ቅርንጫፍ ነው። ከታች የሚሠራ ሰው ወደ ላይ አይመለከትምና ነፋስ ሲነካው ይወድቅበታል። ስለዚህ ሥራ ከመጀመሩ በፊት ዐይንን ወደ ላይ ማንሣት ይገባል። ዘንበል ብሎ በሌላ ዛፍ ላይ የተደገፈውን ዛፍ፣ የተደገፈበትን ዛፍ በመቍረጥ ለማውረድ መሞከር ከሁሉ የከፋ ነው። እንዲህ ያለው ከሩቅ በረዥም ገመድ ተስቦ ይውረድ፤ ብልሃተኛ ባለሙያ እስኪመጣም ታጥሮ ይቈይ።

የክብደቱን ነገር ለማስረዳት አንድ ምሳሌ እንስጥ። ውፍረቱ በመካከል 40 ሳንቲ ሜትር፣ ርዝመቱ 8 ሜትር የሆነ እርጥብ የባሕር ዛፍ ግንድ ልኩ 1 ሜትር ኩብ ያህል ነው፤ ክብደቱም ከ10 ኵንታል አያንስም። በአዳማና በወንጂ መካከል ባለው መንገድ ላይ እንዲህ ያለ ግንድ ተጋድሞ ቢገኝ፣ አሥር ሰው ተሰብስቦ ላንሣ ቢል ለእያንዳንዱ 1 ኵንታል ይደርሰዋል፤ አንዱ ሲደክም ሁሉም ይወድቃሉ። ነገር ግን በየ1 ሜትሩ ቢቈረጥ እያንዳንዱ ቍራጭ ከ1 ኵንታል በጥቂት የሚበልጥ ስለ ሆነ፣ ሁለትና ሦስት ሰው በመጫኛና በእንጨት እያንከባለለ ያለ ጉዳት ከመንገድ ያወጣዋል። የሞተር መጋዝ ያለው ወረዳ ሥራው ይቀልለታል፤ ነገር ግን ያልተማረ ሰው የሞተር መጋዝ መያዝ የለበትም። የራስ ቍር፣ የዐይን መነጽር፣ ጓንትና ወፍራም ጫማም ለሠራተኛው ሊሰጠው ይገባል። ጫማ ሳይኖረው ምሣር የሚያነሣውን የቀን ሠራተኛ አይቶ ዝም ያለ ሹም የዚያ ሰው እግር ሲቈረጥ ከተጠያቂነት አያመልጥም።

በሌላ አገር የሆነውም ይህንኑ ያስረዳል። በ1997 ዓ.ም. በጥር መባቻ በስዊድን አገር የተነሣው ጉድሩን የተባለው ማዕበል 75 ሚሊዮን ሜትር ኩብ ያህል እንጨት ጣለ። ማዕበሉ ራሱ ሰው ገደለ፤ ካለፈም በኋላ ግንዱን በማንሣት ሥራ ላይ ሌሎች ሠራተኞች ሞቱ። የተጠመደው ግንድ የሚሸሸገው ኀይል ለሠለጠነውም ሠራተኛ አስቸጋሪ ነው።

የወደቀው እንጨት የማን እንደ ሆነ

በ1987 ዓ.ም. የጸናው ሕገ መንግሥት መሬትን የመንግሥትና የሕዝብ ቢያደርግም፣ ሰው በጕልበቱና በገንዘቡ በይዞታው ላይ ያፈራው የራሱ ሀብት መሆኑን ያረጋግጣል። ስለዚህ አንድ ባለይዞታ የተከለው ባሕር ዛፍ በመንገድ ላይ ቢወድቅ፣ መንገዱን ለመክፈት ሹሙ ሊያስቈርጠው ይችላል፤ እንጨቱ ግን የተከለው ሰው ነው። ለሠራተኛ ድካም ዋጋ ተብሎ ወይም መንገድ ዘጋህ ተብሎ ያለ ሕግ ሊወሰድበት አይገባም። በመንገድ ዳር የቆመው የከተማው ነው፤ በቤተ ክርስቲያን፣ በመስጊድና በትምህርት ቤት ግቢ የወደቀው የዚያው ቤት ነው።

በዚህ አገር ኦዳ የተባለው ዛፍ ከተራ ዛፍ ጋር የሚቈጠር አይደለም። በዱከም አጠገብ ኦዳ ነቤ በሚባለው ስፍራ እንደሚታወቀው፣ የኦሮሞ ሕዝብ በገዳ ሥርዐቱ ሸንጎ የሚቀመጥበትና ሕግ የሚደነግግበት ጥላ ነው። የገዳ ሥርዐትም በ2009 ዓ.ም. በዩኔስኮ የማይዳሰስ ቅርስ ሆኖ ተመዝግቧል። እንዲህ ያለ ዛፍ ወይም ቅርንጫፉ በነፋስ ቢወድቅ፣ ሰውን ከማራቅ በቀር ምሣር ከመንካቱ በፊት የአገሩን ሽማግሌዎችና አባ ገዳዎችን መጠየቅ የተገባ ነው። በቤተ ክርስቲያን ቅጽር ስላለው ወይራና ጥድም አስተዳዳሪውን መጠየቅ እንዲሁ።

ክርክርንና ስርቆትን የሚያስቀረው መዝገብ ብቻ ነው። በመዝገቡ ላይ ዛፉ የወደቀበት ቀንና ቦታ፣ የዛፉ ዐይነት፣ ርዝመቱና ውፍረቱ፣ ባለቤቱ፣ ያስቈረጠው ሹም፣ እንጨቱን የተረከበው ሰውና የሁለት ምስክሮች ፊርማ ይጻፍ። ከመቈረጡ በፊት ፎቶግራፍ ቢነሣ እጅግ መልካም ነው። የከተማው እንጨት በግልጽ ጨረታ ይሸጥ፤ ወይም ለትምህርት ቤት ወንበርና ለድኾች ማገዶ ይሰጥ፤ የሆነው ሁሉ ግን ይጻፍ።

እንጨቱም በከንቱ እንዳይበላሽ ቶሎ መሥራት ያሻል። የዋንዛና የወይራ፣ የጥድም ግንድ ለጣውላ ስለሚሆን ለማገዶ መፍለጥ ጥፋት ነው። ባሕር ዛፍ በፀሐይ ሲደርቅ ይሰነጠቃልና ሳይዘገይ ተሰንጥቆ፣ በጥላ ሥር በመካከሉ ቀጫጭን እንጨት እየተደረገ ይደርደር። የግራር ግንድ ልጡ ካልተላጠ ነቀዝ ይበላዋል።

ከሁሉ ይልቅ ልትጠነቀቁበት የሚገባው አንድ ነገር አለ፤ ይኸውም ነፋስ ያልጣለውን ዛፍ ነፋስ ጣለው እያሉ መቍረጥ ነው። በስምጥ ሸለቆ መንገድ ዳር በጆንያ የሚሸጠው ከሰል አብዛኛው ከግራር የተገኘ ነው፤ በአብያታ ሻላ ሐይቆች ብሔራዊ ፓርክ የነበረው ግራርም በዚሁ ምክንያት እጅግ ተመናምኗል። የደን ልማት፣ ጥበቃና አጠቃቀም አዋጅ ቍጥር 1065/2010 ደንን ያለ ፈቃድ መቍረጥን ይከለክላል። በነፋስ የወደቀውንና በምሣር የወደቀውን ለመለየት ጥበብ አያሻም። ነፋስ የጣለው ወይ ሥሩ ተነቅሎ አፈሩን ይዞ ይታያል፣ ወይም ግንዱ ተቀንጥሶ ፍንክቱ እንደ ጦር ሾሎ ይገኛል። ጉቶው ለስልሶ የምሣር ወይም የመጋዝ ምልክት ከታየበት ግን የጣለው ሰው ነው። ስለዚህ ሹሙ ጉቶውን በዐይኑ ሳያይ ለእንጨት ማዘዋወሪያ ወረቀት አይፈርም።

ስለ ቀሩት ዛፎች

ዛፍ ወድቆ ቤት ባፈረሰ ማግሥት፣ በየመንገዱ ያለው ትልቅ ዛፍ ሁሉ ይቈረጥ የሚል ትእዛዝ ከድንጋጤ የተነሣ ሊወጣ ይችላል። ይህ ከነፋሱ የበለጠ ጥፋት ነው። ዛፎች ተጠጋግተው ሲቆሙ እርስ በርሳቸው ነፋስ ይከላከላሉ፤ በዙሪያው ያሉት የተቈረጡበት ዛፍ ብቻውን ሲቀር ለነፋስ ይጋለጣል፣ በቀጣዩም ዓመት ይወድቃል። የዛፉንም ራስ ቈርጦ ማሳጠር መፍትሔ አይደለም። ከተቈረጠው ስፍራ ውሃና ብስባሽ ይገባል፤ በላዩም የሚበቅለው አዲስ ቅርንጫፍ በደካማ መያያዣ የተንጠለጠለ ስለሚሆን ከአምስትና ከስድስት ዓመት በኋላ ይባስ ይሰበራል።

በ1980 ዓ.ም. በጥቅምት ወር በደቡብ እንግሊዝ የተነሣው ማዕበል 15 ሚሊዮን ያህል ዛፎች ጣለ። ጉዳቱን ያበዛው ዛፎቹ ገና ቅጠላቸውን ስላላረገፉና ምድሪቱም በዝናብ ረስርሳ ስለ ነበረች ነው። በዚያን ጊዜ በለንደን አጠገብ ባለው በኪው የአትክልት ቦታ ተርነር ኦክ የተባለውን አንድ ትልቅ ዛፍ ነፋሱ ከነሥሩ ወደ ላይ አንሥቶ መልሶ በስፍራው አስቀመጠው። አትክልተኞቹ ይሞታል ብለው ደግፈው ተዉት። ከሦስት ዓመት በኋላ ግን ከቀድሞው ይልቅ ለምልሞ ተገኘ። ምክንያቱ ሲመረመር፣ በዙሪያው ሰው እየረገጠ ያጠነከረው አፈር በነፋሱ ተናግቶ ስለ ላላ ሥሩ አየርና ውሃ ማግኘቱ ነበር። ከዚህ ሁለት ነገር እንማራለን። አንደኛ፣ ዛፍን ለመቍረጥ መቸኰል አይገባም። ሁለተኛ፣ በየከተማችን እስከ ግንዱ ድረስ ሲሚንቶ የሚፈስበትና መኪና የሚቆምበት ዛፍ ሥሩ ታፍኖ ሲደክም ይኖራል። ስለዚህ በግንዱ ዙሪያ ቢያንስ 1 ሜትር ተኩል ያህል ያልተነጠፈ አፈር ይተውለት።

ሊቈረጥ የሚገባውን ዛፍ በምልክቱ ለይቶ ማወቅ ይቻላል። በአዲስ ዘንበል ብሎ በሥሩ ዙሪያ አፈሩ የተሰነጠቀ፣ በግንዱ ላይ ጥልቅ ስንጥቅ ያለበት፣ ሲመታ እንደ ከበሮ ባዶ ድምፅ የሚሰጥ፣ ግርጌውን ምስጥ የበላው ወይም እንጕዳይ የበቀለበት ዛፍ የሚያሰጋ ነው። ከረዥም ዘመን ጀምሮ ዘንበል ብሎ ያደገና ሥሩ ያልተነቃነቀ ግን አያሰጋም። ውፍረቱ ከ10 ሳንቲ ሜትር የማይበልጥ ወጣት ዛፍ ቢዘነበል፣ ሥሩ ሳይደርቅ በሁለት በሦስት ቀን ውስጥ ቀና ተደርጎ፣ በሦስት ካስማ በሰፊ ጨርቅ ታስሮ፣ ውሃ ቢጠጣ ይድናል። በሽቦ የታሰረ ዛፍ ግን ሽቦው ልጡን ይቈርጠዋል።

አስቀድሞ ስለ መጠንቀቅና ዳግመኛ ስለ መትከል

የወደቀውን ከማንሣት እንዳይወድቅ ማድረግ ይቀላል። በጥርና በየካቲት፣ ማለት በልግ ሳይገባ፣ እያንዳንዱ ከተማ የመንገድ ዳር ዛፎቹን፣ የትምህርት ቤቱንና የገበያውን ዛፍ ባለሙያ ይዞ ይመርምር። የደረቀው ቅርንጫፍ ከመያያዣው አንገት ላይ በንጹሕ መጋዝ ይቈረጥ። ሽቦ ስር የበቀለው በኤሌክትሪክ አገልግሎት ሠራተኛ ፊት ብቻ ይከርከም። መጋዝ፣ ሽብልቅ፣ ገመድ፣ ሰንሰለትና መሰላል በአንድ መጋዘን ተቈጥረው ይቀመጡ፤ የትራክተርና የክሬን ባለቤቶች ስምም በዝርዝር ይያዝ። የሚቲዎሮሎጂ ኢንስቲትዩት የሚያወጣውን የአየር ጠባይ ማስጠንቀቂያ የሚከታተል አንድ ጸሐፊ ይመደብ።

ዛፍ በወደቀበት ስፍራ ጕድጓዱን መሙላትና በክረምቱ አዲስ መትከል ግዴታ ሆኖ ይቈጠር። በ2011 ዓ.ም. የተጀመረው የአረንጓዴ ዐሻራ መርሐ ግብር እጅግ ብዙ ችግኝ አስተክሏል። ዛሬ ጕልበት የማይደርስ ችግኝ ከሃያ ዓመት በኋላ ከቤት የሚበልጥ ዛፍ ነው። ስለዚህ ዛሬ የሚተከልበት ስፍራ ያኔ የሚወድቅበትን ስፍራ ይወስናል። ባሕር ዛፍ ከቤትና ከመንገድ በሙሉ ቁመቱ ያህል ርቆ ይተከል፤ ከሽቦ በታች ረዥም ዛፍ ከቶ አይተከል። በፕላስቲክ ከረጢት ብዙ ቈይቶ ሥሩ የተጠማዘዘ ችግኝ ሲያድግ ራሱን አንቆ ስለሚወድቅ፣ ከመተከሉ በፊት የተጠማዘዘው ሥር ይቈረጥለት ወይም ችግኙ ይጣል። በእርሻ መካከል ገርቢና ግራር፣ በሰፊ ሜዳና በገበያ ዳር ዋንዛና ሾላ፣ በጠባብ መንገድና በግቢ ደግሞ ቁመታቸው መጠነኛ የሆኑ ዛፎች ቢመረጡ የሚሻል ነው። አንድ ዐይነት ብቻ መትከልም አይገባም፤ አንድ ነፋስ ወይም አንድ ተባይ ሲመጣ ሁሉን በአንድ ጊዜ ያጠፋዋልና።

ክቡራን ሆይ፤ ነፋስን ለማስቆም ሥልጣን የተሰጠው ሹም የለም። ነገር ግን ሽቦው ሳይዘጋ ምሣር እንዳይነሣ፣ የድኻው ሰፈር መንገድ እንዳይረሳ፣ የባለ ዛፉ እንጨት እንዳይዘረፍ፣ በነፋስም ስም ግራሩ እንዳያልቅ ለማድረግ ሥልጣኑ በእጃችሁ ነው። ይህ ጽሑፍ በየጽሕፈት ቤቱ ሲደርስ ለቀበሌ ሹማምንትና ለሠራተኞች በአማርኛም በአፋን ኦሮሞም እንዲነበብላቸው፣ መሣሪያውም በልግ ሳይገባ ተቈጥሮ እንዲገኝ ማድረግ የመጀመሪያው ሥራ ይሁን።